«ሰለቸኝ» ማለት ነውር ነው እንዴ?

ደብዳቤው

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ የምኖር፣ መድኃኒት ቤት የምሠራ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። ልብ ወለድ እወዳለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ሥር ደብቄ አነባለሁ፤ ማታም ልጄ ከተኛ በኋላ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ስድስት ሆነን አንዷ ጓደኛችን ቤት ቡና እየጠጣን ስላነበብነው እናወራለን። በቅርቡ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ «ኦሮማይ»ን፣ «ዴርቶጋዳ»ንና «እመጓ»ን አነበብኩ። ተራዬ ሲደርስ የተሰማኝን ተናገርኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያው ሰለቸኝ፣ ሰብለ ወንጌልም ደካማ ሆነችብኝ አልኩ። የ«ኦሮማይ»ው ፀጋዬ በጥፊ የሚባል ሰው ነው አልኩ። «ዴርቶጋዳ»ን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፣ እንቅልፍ ከለከለኝ አልኩ። ስለ «እመጓ» ደግሞ «ግን እውነት ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከመካከላችን ሥነ ጽሑፍ የተማረ አንድ መምህር አለ። ከት ብሎ ሳቀና «አንቺ እኮ የምታነቢው ተከታታይ ድራማ እንደምታዪ ነው። ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብርንና ዴርቶጋዳን በአንድ አፍ!» አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ፈንዲሻዬን በልቼ፣ ትንፍሽ ሳልል ተመለስኩ። ሂስ ሳልማር አስተያየት መስጠት አይገባኝም ይሆን? ወይስ ጭራሽ ይቅርብኝ?

አንባቢ ነኝ ባይዋ፣ ከአዳማ

መልሱ

እህት ዓለም፣

መጀመሪያ ስምሽን እናስተካክል። «ነኝ ባይ» የሚባለው ሳያነብ የሚያወራ ሰው ነው። አንቺ አራቱንም ከዳር እስከ ዳር አንብበሻል። ሳያነቡ የሚያወሩትን በየቦታው አይቻለሁ፤ እኔ ራሴም አንዱ ነበርኩ። እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

አትቅሪ። ሂስ ልማር ብለሽም ምዝገባ አትሂጂ። ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው፣ መምህሩ መሳቁ ነውር ሆኖ ሳለ፣ አንቺም ነገሩን መንገድ ላይ ጥለሽው እንደመጣሽ ታየኝ። «ሰለቸኝ» አልሽ፤ የት ጋ? «ደካማ ናት» አልሽ፤ ምን ስታደርግ አይተሽ? መድኃኒት ቤት መጥቶ «አመመኝ» ብቻ ብሎ የሚቆም ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? የት ጋ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን በልተህ ነበር? ትዪው የለ? እኔም ዛሬ እንደዚያ ላደርግሽ ነው።

ከትልቁ፣ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እንጀምር። የሰለቸሽ ቦታ፣ ልገምትና፣ ዋናው ባለታሪክ በዛብህ ከመወለዱ በፊት ስለ እናትና አባቱ የሚተረከው ነው። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይደክመዋል። ርእሱ ላይ «ፍቅር» የሚል አይቶ ገዝቶ፣ ሲገልጠው ማንኩሳ ላይ የሁለት ጎልማሶች የኑሮና የትዳር ወሬ ይቆየዋል። ሰብለ ወንጌል የታለች? እኔ መጀመሪያ ሳነበው አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ሁለት ገጽ ታገስኩና በጅምላ እየገለበጥኩ ሰብለን ፍለጋ ሄድኩ።

ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሳነበው ነው የገባኝ። የታሪኩ ቋጠሮ የታሰረው እኔ ዘልዬው የሄድኩት ቦታ ላይ ነበር። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ እንደማንም ሰው አግብቶ ሊወልድ አይደለም ያደገው። ይህን ሳታውቂ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እሷን ሊያስተምር ሲገባ ብታገኚው፣ አንድ ዓይነ አፋር የቤተ ክህነት ሰው ነው፣ በቃ። ካወቅሽ ግን ሰብለን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር እናትና አባቱ ከኋላው ቆመው ይታዩሻል። የፍቅሩ ሸክም ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። እንግዲህ «ሰለቸኝ» ብትዪ ማንም አይነጥቅሽም፤ ስልቹነቱ የራስሽ ነው። «ባይኖር ይሻል ነበር» ካልሽ ግን እዚያ ላይ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።

ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማርከው ጣልያን አገር የታሰሩ፣ ኋላም ዲፕሎማትና ሚኒስትር የሆኑ ሰው ናቸው። ያደጉበት አገር ወሬ ቁጭ ተብሎ፣ ከሥሩ ተጀምሮ ነው የሚወራው። «የማን ልጅ ነው?» ሳይባል ስለማንም አይወራም። እኛም ብዙዎቻችን መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቅነው በጆሮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። እናቴ ትረካው ሊጀምር ሲል ምጣዱን ሳይቀር ታወርደው ነበር። ሊጥ የነካ እጇን ወደላይ ይዛ፣ ሬዲዮኑ ፊት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አንድም ቀን «መጀመሪያው ረዘመ» ስትል አልሰማኋትም።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹን ልቅጣ ብለው ዘምተው በገበሬዎቹ መሪ በአበጀ በለው እጅ የወደቁበትን ቦታ ፈልጊና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ወጥ ቤት ሆነሽም ይሆናል። በዓይን ስታዪው ማለቂያ የሌለው የሚመስለው ዐረፍተ ነገር፣ በአፍ ሲሆን ትንፋሽ የምትወስጂበት ቦታ አለው። ሳቁም ያኔ ነው የሚመጣው። ካልመጣ ጻፊልኝ፣ እክሳለሁ።

ሰብለ ወንጌል ላይ ግን አልስማማሽም። «የሚመጥናት ባል የለም» እየተባለ ዕድሜዋ ያለፈባት ልጅ ናት። እርግጥ ብዙ ትጠብቃለች። ትዝ ይበልሽና መጨረሻው ላይ ያንን ሁሉ ክብር፣ ያንን ሁሉ አሽከርና ገረድ ጥላ በእግሯ ፍለጋ የወጣችው ማን ናት? በዛብህማ ቀድሞ ሸሽቷል። (አልፈርድበትም፤ ነፍሱን ነው ያዳነው።) መምህሩ ሲስቅብሽ ይህንን ቢጠይቅሽ ኖሮ እንዴት ያለ ጨዋታ ይሆን ነበር! አንቺም «ታዲያ ለምን እስከዚያ ቆየች?» ትዪው ነበር። እሱም ይመልስ ነበር። ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ አያልቅም።

ጉዱ ካሣን አለማንሳትሽ ደግሞ ገርሞኛል። የአገሩ ሰው እብድ ነው የሚለው፣ ማኅበራችን የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ እንደቆመ የድንጋይ ካብ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው! አላየሽውም? ወይስ እሱም ሰለቸሽ?

ወደ «ኦሮማይ» እንሂድ። «በጥፊ የሚባል ሰው ነው» ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የደብዳቤሽ ምርጥ ዐረፍተ ነገር እሱ ነው። መምህሩ «ይሄ እኮ የፖለቲካ ልብ ወለድ ነው፣ የጥፊ ጉዳይ አይደለም» ሳይል አልቀረም። የፖለቲካ መሆኑማ ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ፣ ደርግ የኤርትራን አማፅያን ለመደምሰስ ባካሄደው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ነበር፤ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥም ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ከውስጥ ሆኖ ያየውን ነው የጻፈው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለበትን መጽሐፍ ሲያነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረጉ አይገርምም። ስለ ፀጋዬ የሴት ነገር ማውራት ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደመሳቅ ይቆጠርበታል።

ግን በዓሉ ፀጋዬን እንዲህ አድርጎ የሠራው እንዲሁ ነው? ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው ቃል ነው። አዲስ አበባ ላይ ለእጮኛው ለሮማን ቃል አለበት። አስመራ ሄዶ ፊያሜታን ሲያይ ያ ቃል የት ይገባል? በዙሪያው ያለውስ? ስብሰባው፣ መፈክሩ፣ «በዚህ ቀን እንጨርሳለን» የሚለው ፉከራ ሁሉ ናቅፋ ተራራ ሥር ሲደርስ ምን ይሆናል? ሰውየውና ዘመቻው የያዛቸው በሽታ አንድ ነው፤ አፋቸው የገባውን ቃል እግራቸው አይደርስበትም። ርእሱ ራሱ አስመሬዎች ከጣልያንኛ የወሰዱት ቃል ነው፤ ያለቀለት ነገር፣ ያበቃለት ጉዳይ ላይ የሚባል። ስለዚህ ጥፊሽን ፖለቲካ አታውቅም ብሎ የናቀ ሰው ተሳስቷል። ያረፈችው እዚያው መሀሉ ላይ ነው። የጎደለሽ ጥፊው የትኛው ገጽ ላይ እንዳማረሽ መናገር ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ለሮማን ያለውን ፍቅርና ለፊያሜታ ያለውን እኩል እውነት አድርጎ ለራሱ ሲያስረዳ ነው። እዚያ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ውሃ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

«ዴርቶጋዳ»ን በሁለት ሌሊት ጨረስሽ፤ ምን ያሳፍራል? ለዚያ ነው የተጻፈው። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ አንቺን ካላንጠለጠለ ማንን ያንጠልጥል? ይስማዕከ ወርቁ ገና ወጣት ሳለ በ2001 ዓ.ም. ሲያወጣው፣ መማሪያ መጽሐፍ ካልሆነ ገጽ ገልጠው የማያውቁ ልጆች ተራ ይዘው ሲዋዋሱት አይቻለሁ። የጣና ገዳማትና ስለላ፣ ሳይንቲስትና ምሥጢር በአንድ ድስት! እኔ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሰዎቹ ሁሉ ሊቅ ሆኑብኝ። አንድ ነገር የማይገባው፣ ቁልፍ የሚጠፋው፣ ሻይ የሚደፋበት ሰው ፈልጌ አጣሁ። አንቺ ካገኘሽ ንገሪኝ። ደግሞ አሁን ወራት አልፈዋል፤ ማን ቀረብሽ? ታሪኩን ሳይሆን ሰውየውን ማለቴ ነው። እኔ ከየመጽሐፉ የምወደውን የምለየው እንዲያ ነው፤ አንዳንዱ አንድ ሌሊት ሙሉ ያስሮጠኛል፣ ጠዋት ግን ማንም አብሮኝ አይነሳም። ሩጫውም ቢሆን ደስ ብሎኛል፣ ገንዘቤን መልሱ አልልም።

«በአንድ አፍ» ላለሽው ግን መልሱ ቀላል ነው። ሰው በአንድ አፉ ሽሮም ክትፎም ይበላል።

«እመጓ» ላይ አልቆይም። ተራኪው «እኔ» እያለ መንዝ ምድር ድረስ እየመራ ወስዶሽ፣ ቦታውን በስሙ እየጠራ፣ «እውነት ነው እንዴ?» ብትዪ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ያነበበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእሁዱ ጨዋታ ግን ጥያቄውን ትንሽ አዙሪው፦ ሁሉም ፈጠራ ነው ብትባዪ መውደድሽ ይቀንስ ነበር? መምህሩም ይመልስ። እንዲህ በቀላሉ የሚወጣበት አይመስለኝም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ካዛንቺስ አንድ ወዳጄ ቤት ምሳ ተጠርተን የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ተነሳ። ያኔ አዳምን አለማንበብ እንደ ኋላቀርነት የሚታይበት ሰሞን ነበር። እኔ አርባ ገጽ ላይ ትቼዋለሁ። ታዲያ ዝም አልልም መሰለሽ? «ቋንቋው! ቋንቋው እኮ ሌላ ነው!» እያልኩ እጄን አወናጭፋለሁ። የወዳጄ አክስት፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጡረተኛ፣ ጎርሰው ሲጨርሱ ዞር አሉና «የቱ ቦታ ደስ አለህ ልጄ?» አሉኝ። «መጨረሻው» አልኩ፤ ምን እንደነካኝ እንጃ። «እሰይ! እኔ መጨረሻው አልገባኝም ነበር። እስቲ አስረዳኝ» ብለው ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ።

የጎረስኩት እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ውሃ ጠየቅኩ። ሳል ያዘኝ። ሴትየዋ ሊያሳፍሩኝ ብለው አልነበረም፤ ከልባቸው ሊረዱ ፈልገው ነው። በኋላ መጽሐፋቸውን አምጥተው አሳዩኝ። ዳርና ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ ተጽፏል። «እዚህ ጋ ሳቅሁ።» «ይህ ልጅ ምን ነካው?» «አልገባኝም፣ ልመለስበት።» አንድ ገጽ ላይ ደግሞ «ወጥ አረረብኝ» ብቻ ይላል። ያን መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ጀምሬ ጨረስኩት፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጨረሻው ለእኔም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

ለአንቺም የምመክርሽ የእኚያን ሴት ሥራ ነው። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ካላስቻለሽ፣ ባንኮኒሽ ላይ የባዶ መድኃኒት ካርቶን አይጠፋም፤ ቀደድ አድርገሽ የገጹን ቁጥርና አንዲት ቃል ጻፊበት። «ተናደድኩ»፣ «ዘለልኩት»፣ «አለቀስኩ»። እንደ ዕልባትም ያገለግልሻል። እሁድ ሦስት ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። «ሰለቸኝ» ከማለት «እዚህ ገጽ ላይ ሁለቴ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ እስቲ አብረን እንየው» በዪ። የገጽ ቁጥር ይዞ በመጣ ሰው ላይ መሳቅ ይከብዳል። መጽሐፉ መገለጥ አለበት፤ ከተገለጠ ደግሞ ሁሉም ይነበባል፣ የተማረውም ያልተማረውም። (መጽሐፉን ስል መጽሐፉን ነው። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ይዘሽ ከሄድሽ በአንቺ ላይ የምስቀው እኔ ነኝ። ደራሲውም ይበላል፣ የቤት ኪራይም አለበት።)

ሂስ ሳልማር ላልሽው፣ ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ ያደረገውን አስቢ። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመውን ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። አብረውት የታሰሩት እንዲደርሳቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ «መጀመሪያ የሥነ ጽሑፍ ዲግሪህን አሳይ፣ ከዚያ ትሰማለህ» የተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልብ ወለድ የተጻፈው ለአንቺ ነው። መምህራን ኋላ ነው የሚመጡት፣ ሲመጡም እሰየው።

እሰየው ያልኩት ከልቤ ነው። ያንን መምህር አትጥዪው። የተማረውን ነገር አንቺ በነፃ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ቡና ላይ ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም። መሳቁን ግን ንገሪው። በሰው ፊት አይሁን። ስትወጡ በር ላይ፣ ጫማ ስታደርጉ፣ «መምህር፣ ያን ቀን ስትስቅ አፌን ዘጋኸኝ። ብሳሳት አሳየኝ እንጂ አትሳቅብኝ» በዪው። እኔ እንደምገምተው ረስቶታል። እንዲህ ያለ ሳቅ ለሳቀው ሰው አምስት ደቂቃ አይቆይም፤ አንቺ ግን ሁለት ወር ሙሉ ይዘሽው ዞረሻል። ደንግጦ ይቅርታ ከጠየቀ ጨዋ ሰው ነው፣ በርትታችሁ ተከራከሩ። ደግሞ ከሳቀ፣ ችግሩ የመጽሐፍ አይደለም፤ ያኔ ለባለቤቲቱ ንገሪያት፣ ቤቱ የሷ ነው።

ለጓደኛሽም አንድ መልእክት አድርሺልኝ። ሀሳብ ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ከመጽሐፉ ግማሽ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። የወደደውን ወይም የጠላውን፣ ራሱ የመረጠውን። መጽሐፉን ሳያነብ የሚመጣ ሰው ካለ (ይኖራል፣ እኔ አውቃለሁ) ወዲያው ይለያል፤ ከመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ውጪ አይመርጥም።

በሚቀጥለው እሁድ አቦል ላይ ተናገሪ። በረካን አትጠብቂ፤ እስከዚያ ሰው ሁሉ ተናግሮ ያልቃል፣ አንቺም ፈንዲሻውን ትጨርሺዋለሽ። በ«ኦሮማይ» ጀምሪ፣ ገጹን ገልጠሽ። ለፀጋዬ ደግሞ አንድ ጥፊ አይበቃውም፣ ሁለተኛውን በእኔ ስም በዪልኝ።